የእንጨት ቶርኖ ለመግዛት ለሚያስቡ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ምሽት የምንነጋገርበት ጕዳይ ለአንዳንዱ ሰው አነስተኛ መስሎ ይታየው ይሆናል። የአንድ ቤተ ሰብ ጕዳይ ነው። ነገር ግን ደመወዙን ከወር እስከ ወር አብቃቅቶ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ፣ በብዙ ዘመን አንድ ጊዜ በእጁ የሚገባውን ገንዘብ በምን ላይ እንደሚያውለው በሚያስብበት ጊዜ፣ ነገሩ ለእርሱ ትንሽ አይደለም።

አንድ አድማጭ በጻፉልን ደብዳቤ የሚከተለውን ይነግሩናል። ጡረታ ለመውጣት 3 ዓመት ቀርቷቸዋል። የገቡበት ዕቁብ ዕጣው ለሌላው ሁሉ ሲወጣ ቆይቶ የመጨረሻው ተራ የእርሳቸው በመሆኑ፣ ገንዘቡን በሚመጣው ወር ይቀበላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የእንጨት ሥራ ይወዳሉ፤ በቤታቸው ያለውን በርጩማና መደርደሪያም የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። አሁን አንድ ነጋዴ የእንጨት ቶርኖ አሳይቷቸዋል። ዋጋው ከርካሾቹ ከፍ፣ ከታላላቆቹም ዝቅ ያለ፣ መካከለኛ የሚባል ነው። በዚህ መሣሪያ የጠረጴዛና የወንበር እግር እየሠሩ በጡረታ አበላቸው ላይ ጥቂት ለመጨመር ያስባሉ። ባለቤታቸው ግን «በመጀመሪያ የሚያፈሰው ጣራ ይታደስ» ይላሉ። «እንግዲህ ልግዛ ወይስ ልተው?» ሲል ደብዳቤው ያበቃል።

ለዚህ ጥያቄ በአንድ ቃል መልስ መስጠት ይቻል ነበር። ሆኖም ብዙዎች በልባቸው የያዙት ጥያቄ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ቶርኖን ከመጋዝና ከመላጊያ የሚለየው አንድ ጠባይ አለው። በመጋዝና በመላጊያ ሥራ እንጨቱ ተቀምጦ መሣሪያው ይሄዳል፤ በቶርኖ ግን እንጨቱ ራሱ ይዞራል፤ መሮውም ማሳረፊያው ላይ ተደግፎ ይጠብቀዋል። እንጨቱን ይዞ የሚያዞረውን ዘንግ እንዝርት ብንለው አይከፋም፤ እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበት እንዝርት ጠማማ እንደ ሆነ ፈትሉ እንደሚበላሽ ሁሉ፣ የቶርኖውም እንዝርት የተንገዳገደ እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ ይበላሻልና። ሐሳቡ እጅግ ጥንታዊ ነው። በግብጽ አገር ቱና ኤል ገበል በተባለው ስፍራ በሚገኘው የካህኑ የፔቶሲሪስ መቃብር ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በተቀረጸው ምስል፣ አንዱ ሰው ጠፍር እየሳበ እንጨቱን ሲያዞር ሌላው መሮ ይዞ ሲፍቅ ይታያል። በእንግሊዝ አገር በቺልተርን ኮረብታዎች የነበሩ የወንበር እግር ሠሪዎችም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጫካ ውስጥ ዳስ ጥለው፣ ገመድ ከተጣጣፊ እንጨት ጋር አስረው፣ በእግራቸው እየረገጡ ያለ ሞተርና ያለ ኤሌክትሪክ ይሠሩ ነበር። ይህን ያነሣሁት ጥሩ ሠሪ በቀላል መሣሪያ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል እንድናስታውስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «መካከለኛ ዋጋ» የሚለው ቃል ገዢውን ያዘናጋዋል። በዝቅተኛው ዋጋ የሚገኘው ትንሽና ቀላል እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ በከፍተኛው ዋጋ የሚገኘውም ረጅምም ከባድም ነው። በመካከለኛው ዋጋ ግን ሁለቱን በአንድነት ማግኘት ያስቸግራል። ወይ አጭርና ከባድ፣ ወይ ረጅምና ቀላል የሆነውን መምረጥ ግድ ይሆናል። ነጋዴው ይህን ደፍሮ አይናገርም፤ ሁለቱንም «መካከለኛ» ብሎ ይሸጣቸዋል።

አጭሩና ከባዱ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። አልጋው፣ ማለት ራሱንና ጭራውን የሚሸከመው አግዳሚ፣ ጊዛ ከሚባለው ቀልጦ የተቀዳ ብረት የተሠራ ሲሆን፣ ከአልጋው በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳሕን ሊያዞር ይችላል። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚይዘው እንጨት ግን ብዙውን ጊዜ ከ40 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ረጅሙና ቀላሉ ደግሞ 1 ሜትር ያህል እንጨት ይይዛል፤ ነገር ግን አልጋው ከቧንቧ ወይም ከታጠፈ ላሜራ የተሠራ ይሆንና ሲሠራ ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ ደብዳቤ ጸሐፊያችን ሊሠሩ የሚፈልጉት የጠረጴዛ እግር ነው። የምግብ ጠረጴዛ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የገበታው ውፍረት ቢቀነስለት እግሩ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። በ40 ሳንቲ ሜትር ቶርኖ ላይ ይህ እግር ከቶ አይገባም። አንዳንዱ ፋብሪካ አልጋውን የሚያስረዝም ተቀጥላ ለብቻው ይሸጣል፤ ዋጋው ግን አብሮ መታሰብ አለበት። የበርጩማ እግር፣ የመቅረዝ፣ የጭራ እጀታ፣ የሳሕንና የዋንጫ ሥራ የሚፈልግ ሰው ግን አጭሩና ከባዱ መሣሪያ ይበቃዋል፤ ይስማማዋልም። ስለዚህ ነጋዴውን በመጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው ስለ ዋጋው አይደለም፤ ሜትር አውጥቶ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው። እኔ በበኩሌ የማመዝነው ወደ ከባዱ ነው። አጭር መሣሪያ የሚከለክላችሁ ረጅሙን ሥራ ብቻ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ግን አጭሩንም ረጅሙንም ያበላሻል።

ስለ ፍጥነት ደግሞ እንናገር፤ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር፣ ጠርዙ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳሕን በዚያው ፍጥነት ቢዞር ግን ጠርዙ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ስንጥቅ ያለበት እንጨት በዚህ ፍጥነት ቢፈነዳ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አያዳግትም። ባለሙያዎች የሚከተሉት ልማድ የእንጨቱን ስፋት በኢንች ለክቶ፣ ያ ቍጥር በፍጥነቱ ሲባዛ ከ6000 እስከ 9000 እንዲሆን ማድረግ ነው። በዚህ ልማድ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት 12 ኢንች ያህል የሆነው ሳሕን በደቂቃ ከ500 እስከ 750 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ገና ያልተስተካከለ ሻካራ ጕማጅ ሲሆን ከዚህም ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ነጋዴው «ይህ በደቂቃ 3500 ይዞራል» ብሎ ሲያሞግስ እናንተ ዝቅተኛው ፍጥነት ስንት እንደ ሆነ ጠይቁት። 250 ወይም ከዚያ በታች ካለ መልካም ነው።

ፍጥነት የሚለወጠው በሁለት መንገድ ነው። በአንዱ ቺንጋውን ከአንዱ ፑሌጃ ወደ ሌላው በእጅ ማዛወር ነው፤ በሁለተኛው በኤሌክትሮኒክ መቈጣጠሪያ ቍልፉን ብቻ ማዞር ነው። ሁለተኛው የሚመች ቢሆንም ቅሉ፣ ሰሌዳው የተቃጠለ እንደ ሆነ መለዋወጫው እስኪገኝ ድረስ መሣሪያው ያለ ሥራ መቆሙ ነው። ቺንጋ ግን በየትም ይገኛል። ደግሞም ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሲሆን የእኛ መሥመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ትራንስፎርመር ኸርዙን አይለውጥም፤ ተራው ሞተር ከተሠራለት ፍጥነት በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀንሶ ይዞራል፤ ይግላልም። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ መግዛት አይገባም። ሦስት መሥመር የሚፈልገውንም ሞተር ለተራ መኖሪያ ቤት መግዛት ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው በሒሳቡ የማያገባው ወጪ ነው። ቶርኖው ብቻውን እንጨት አይፍቅም። ሻካራውን የሚያስተካክል ሰፊ ጎድጓዳ መሮ፣ ለጌጥ ሥራ ጠባቡ፣ ለሳሕን ሥራ ወፍራሙ፣ አፉ ሰያፍ የሆነው፣ መቍረጫውና መፋቂያው ያስፈልጋሉ። ቻክ የተባለው ባለአራት መንጋጋ መያዣም ለሳሕንና ለዋንጫ ሥራ እምብዛም የሚታለፍ አይደለም። መሮዎቹ በሥራ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስለሚደነዝዙ የኤሌክትሪክ መሳያ ድንጋይ ከቶርኖው አጠገብ መቆም አለበት፤ መሮ መሳል የማይችል ሰው ቶርኖ አልገዛም ቢባል ማጋነን አይደለም። ፊትን በሙሉ የሚሸፍን መከላከያም አለ። ይህ ሁሉ ሲደማመር የመሣሪያውን ዋጋ ያህል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቁቡ የሚበቃው ለቶርኖው ብቻ ከሆነ፣ ዕቁቡ ለቶርኖው አልበቃም ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልናገር። ሻካራውን የሚያስተካክለው ሰፊው መሮ በሁለት ጫፍ ለተያዘ እግርና ዘንግ ብቻ የተሠራ ነው። እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራው ቀጭን ስለ ሆነ በሳሕን ሥራ ላይ ቢያውሉት ሊሰበርና ሠሪውን ሊያቈስል ይችላል።

የእንዝርቱንም የብሎን ጥርስ ማየት ይገባል። በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ አንዱ በአሜሪካ የተለመደው ባለ 1 ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 8 ጥርስ ያለው ነው፤ ሁለተኛው በአውሮፓ የተለመደው ባለ 33 ሚሊ ሜትር ነው። ከእነዚህ አንዱን የያዘ መሣሪያ ቢሆን ዛሬ ያልተገዛው ቻክ ነገ ተፈልጎ ይገኝለታል። የራሱ ብቻ የሆነ ጥርስ ያለው መሣሪያ ግን ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ባለቤቱን ብቻውን ይተወዋል።

እንጨቱስ ከወዴት ይመጣል? ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ በከተማችን ዙሪያ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ሲሆን ሥራው እጅግ ያምራል፤ መሮን ግን ቶሎ ያደነዝዛል። ዋንዛ ለመሮ የተመቸ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን ውስጥ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን መቍረጥ ከልክሎ ስለ ነበረ፣ እነዚህን የሚገዛ ሰው እንጨቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅን ልማዱ ቢያደርግ መልካም ነው። ከሁሉም የሚከብደው የማድረቁ ነገር ነው። አሮጌው ልማድ ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ለጠረጴዛ እግር የሚሆን ባለ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንጨት እንግዲህ 3 ዓመት ገደማ ጥላ ሥር መቀመጥ አለበት ማለት ነው። ለደብዳቤ ጸሐፊያችን ይህ ቍጥር የሚያስገርም ሳይሆን አይቀርም፤ እስከ ጡረታቸው የቀራቸውም 3 ዓመት ነውና! እንጨቱን ዛሬ ገዝተው ቢያስቀምጡት በጊዜው ይደርስላቸዋል፤ ለዚያውም ከመሣሪያው ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃቸዋል።

ስለ ቤቱ በአጭሩ እንለፍ። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ሰው ከቢሮ መልስ፣ ከምሽቱ በ1 ሰዓት ቶርኖ ቢያስነሣ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት ራሱ ያውቃል። የሰጋቱራው ብናኝ ደግሞ የጤና ነገር ነው፤ በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል። ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ማለስለስ ከቶ የሚገባ አይደለም። ለብቻው የቆመ፣ መስኮት ያለው ክፍል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ገቢው ነገር እንመለስ፤ የቤተ ሰቡ ገንዘብ የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። የቤት ዕቃ ሠሪው እግር የሚገዛው በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ከቈዩ፣ ከጧት እስከ ማታ ከሚሠሩ ቶርኖ ቤቶች ነው። ዋጋውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። አንድ ጡረተኛ በመካከለኛ መሣሪያ ከእነርሱ ጋር በብዛትም በዋጋም ሊወዳደር አይችልም። ደግሞም አንድ እግር አሳምሮ መሥራት ለሚጥር ሰው ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አራተኛውን እግር እንደ መጀመሪያው ማድረግ ነው። ጠረጴዛ በሦስት ወንድማማች እግሮችና በአንድ እንግዳ እግር አይቆምም። ስለዚህ የጡረታ አበል መደጐሚያ ብሎ ብቻ ቶርኖ መግዛት አልመክርም።

ታላላቆቹ ቤቶች የማይወዱት ሥራ ግን አለ፤ ይኸውም ጥገና ነው። አንድ እግሩ የተሰበረ የአባት ወንበር፣ አንድ ዘንግ የጐደለው የደረጃ መደገፊያ፣ እጀታዎቹ የጠፉ አሮጌ ቁም ሣጥን በየቤቱ አለ። ለአንድ እግር ብሎ መሣሪያውን የሚያሰናዳ ቶርኖ ቤት በቀላሉ አይገኝም። ጊዜ ያለው፣ ዐይኑ የሰላ፣ ሞዴሉን አጠገቡ አስቀምጦ በትዕግሥት የሚለካ ሰው በዚህ ሥራ ሊታወቅ ይችላል። ጸሐፊያችን ገቢ የሚፈልጉ ከሆነ በዚህ በኩል ቢያስቡ እወዳለሁ።

እንግዲህ ለጥያቄያቸው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። በሚመጣው ወር አይግዙ። ከዕቁቡ ገንዘብ በመጀመሪያ ጣራው ይታደስ። ባለቤታቸው ለቤቱ ብለው የተናገሩት ለቶርኖውም የሚጠቅም ምክር ነው፤ የጊዛ አልጋ ያለው መሣሪያ ጣራው በሚያፈስ ቤት አንድ ክረምት ቢያሳልፍ ዝገት ይበላዋልና። ከቀረው ጥቂቱን ለእንጨት ያውሉት፤ ተሰንጥቆ፣ ጫፎቹ ሰም ወይም ቀለም ተቀብተው ጥላ ሥር ይደርደር። ከዚያ በኋላ ከአንድ ቶርኖ ቤት ባለቤት ጋር ተነጋግረው፣ ተገቢውን እየከፈሉ፣ ለጥቂት ቅዳሜዎች በባለሙያ አጠገብ ይሥሩ። ፈተናቸው አንድ ይሁን፤ አራት የበርጩማ እግር ሠርተው ጎን ለጎን ያቁሙና፣ መጀመሪያ የተሠራው የትኛው እንደ ሆነ ባለቤታቸው ለይተው ያሳዩአቸው። እመቤቲቱ መለየት ሲያቅታቸው ቶርኖው ይገዛ፤ ያን ጊዜ የሚቃወሙም አይመስለኝም። ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ መሄዱ የሚሰለቻቸው ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በኪሳቸው አለ።

ይህ ቀን ደርሶ ለመግዛት የሚሄዱ ሰው፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ መሣሪያውን ሳይፈትኑ ገንዘብ አይቍጠሩ። በመጀመሪያ ጭራውን ወደ ራሱ አስጠግተው የሁለቱ ሹል ጫፎች አፍ ለአፍ መግጠማቸውን ይመልከቱ፤ የተዛነፈ ከሆነ ይተዉት። እንዝርቱን በእጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁ፤ ቢንቀጫቀጭ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ቺንጋውን አውልቀው በባዶው ያዙሩትና ድምፁን ያዳምጡ። ቺንጋውን መልሰው አስነሥተው ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ኩሽኔታው ባለበት በኩል ራሱን በእጅ ሲዳስሱት ለብ ቢል ደኅና ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ደኅና አይደለም። በመጨረሻም አንድ ሳንቲም በራሱ ላይ በጠርዙ ያቁሙ። መሣሪያው እየሠራ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ከቆመ ነጋዴውን ስለ ዋጋው ያነጋግሩት።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ መሮ አሳሳል እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና እደሩ።